ቀድሞ የገባ

ሚስቴ ማርዳ ከገበያ በመጣች ቁጥር
ሁለት ጣሳ ባቄላ ከደረጃው ሥር
ትደብቃለች እንጂ ለምሳ አታወጣም።
«ምን ሊመጣ ነው?» ስላት፣ «የሚመጣ አይታጣም።»

ባይዳሆ ተራራ ክረምቱ ይተኛል፣
በረዶው መንገዱን እንደ በር ይዘጋል፤
አውቃለሁ። ቢሆንም ምድር ቤቱ ሞልቶ፣
የልጆቼ ብስክሌት ማደሪያ ቦታ አጥቶ፣
ስንዴው በየባልዲው፣ ሩዙ በጠርሙሱ፣
የዱቄት ወተቱ፣ ማሩና ገብሱ፣
ይህን ሁሉ ሳይ ሳቄ ታመልጠኛለች፤
«እመት ኖኅ» እላታለሁ፣ «መርከብሽ የት አለች?»

ማርዳ አትቆጣም። እስክሪብቶ ይዛ ትጽፋለች።
ቀኑን ብቻ አይደለም፤ በቀኑ ምን እንደሆነ፣
በጣሳው ክዳን ላይ፣ ፊደሏ እየቀጠነ፦
«ሚያዝያ ሦስት፤ ዌስተን ጥርሱን የጣለበት።»
«ሰኔ ሃያ፤ ኦርሊን ጣራ የጠገነበት።»
«ጥቅምት፤ ዝናብ። ቴሳ ዛሬም አኮረፈች።»
«ጥቅምት፤ ያው ዝናብ ነው። ቴሳ እራቷን በላች።»

ልጅ ሳለች፣ አባቷ ብር ማዕድን ሲቆፍር፣
ዘጠኝ ወር አድማ መቱ፤ ድንቹ እስከ ልጣጩ ይበላ ነበር።
ይህን የነገረችኝ እህቷ ናት፣ ሰክራ፤
ማርዳማ ትደረድራለች እንጂ ራብን በስሙ አትጠራ።

ሕጓ አንድ ብቻ ነው፣ ከፋብሪካ ሕግ ይብሳል፦
«ቀድሞ የገባ ቀድሞ ይወጣል።»
አዲሱን ከኋላ፣ አሮጌውን ወደ ፊት፣
እሁድ እሁድ ማታ እንደ ዳማ ጠጠር ስትገፋቸው ባያት፣
«ከማን ጋር ነው ጨዋታው?» ብዬ ጠይቄያለሁ።
መልሱን በየካቲት፣ ከደብዳቤ ላይ አገኘሁ።

ጎርፍ አልመጣም። በረዶው የወትሮው ያህል ነበር።
ምድር አልተንቀጠቀጠ፣ አልተሰማም ጦር።
ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ነፋስ የሌለበት፣
ተራ ማክሰኞ ነው መሰንጠቂያው የተዘጋበት።
ሃያ ሁለት ዓመት የመጋዝ ጥርስ ስስል፣
ዛፍ ያልቅ ይሆናል እንጂ ሥራ የሚያልቅ አይመስል።

ቤት ገባሁ። አልነገርኳት። ኮቴን ሳላወልቅ
ቆምኩኝ ደረጃው ላይ፤ እሷም ሳትጠይቅ
ምድር ቤት ወረደች። ከፊት ካለው ረድፍ
አንድ ጣሳ አነሣች፣ አቧራውን እፍ።

እንዲህ ነው መብላት የጀመርነው ቀኖቻችንን።

ሰኞ የዌስተንን ጥርስ በሽንኩርት ቀቅለን፣
ሐሙስ ያደስኩትን ጣራ በቲማቲም አርገን፤
ቴሳ ክዳን ታነባለች ከመክፈቻው በፊት፦
«የዛሬው ራት» ትላለች፣ «ያኮረፍኩበት ዕለት።»
ዌስተን፣ ፊቴን እያየ ሳቅ የተወው፣
ሾርባ አፉ ውስጥ እንዳለ ሳቅ አነቀው።

እኔ ሌሊት ሌሊት ሹልክ ብዬ እወርዳለሁ፣
የሳቅሁባቸውን አንድ በአንድ እቆጥራለሁ፦
መቶ አርባ። መቶ ሠላሳ። ዘጠና ሁለት።
ቁጥር ሲቀንስ ድምፅ አለው፣ ሌሊት።

ጎረቤት ምን ያውቃል? ጭስ ይወጣል ከጣራ፤
ችግር እኛ ቤት ውስጥ አልጮኸ፣ አልተጣራ።
አንድ ለሊት ግን አንድ ባልዲ ስንዴ ጎደለ።
አልጠየቅኋት።
ሲነጋ በነዴልበርት ግቢ የዳቦ ሽታ አየለ።

ባዶው ጣሳ ሲበዛ ቴሳ አፈር ሞላችበት፣
በሐምሌ፣ በረንዳው ላይ፣ ቲማቲም አየንበት።

መስከረም። የትምህርት ቤት አውቶብስ መጠገን ጀመርኩ፤
ደመወዙ ግማሽ ነው። ግን ደመወዝ ነው፤ ቆጠርኩ።
በዚያ ማታ ባዶውን መደርደሪያ ሳጸዳ
አንድ ጣሳ አገኘሁ፣ ከጥግ፣ ከግድግዳ።
ባትሪ አብርቼ አየሁ፤ ክዳኑ አቧራ ለብሷል፦
«የካቲት፤ ማክሰኞ። ኦርሊን በጊዜ ቤት ደርሷል።»

ሌላ ቃል የለም። ያን ዕለት፣ ደረጃው ላይ ቆሜ
ቃል አጥቼ ስቸገር፣ ተመዝግቦ ኖሯል ስሜ።

አልከፈትኩትም። ወደ ፊት፣ ወደ ጫፍ ሳብኩት፤
ሁለት አዲስ ጣሳ ከኋላው ደረደርኩለት።
እጄ መጋዝ እንጂ እስክሪብቶ አያውቅም፤ ቢሆንም ጻፍኩበት፦
«መስከረም፤ ዓርብ። እመት ኖኅ በጊዜ የተኛችበት።»